በሕፃናት ላይ የሚታይ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም፦ የወደፊት አካሄዱ እንዴት ይገመታል?

በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋማ ወረዳዎች የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም እንዳለበት ሲነገራቸው አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ መድኃኒቱ አይደለም። ሕመሙ ወዴት እንደሚያመራ፣ ኩላሊቱ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ታናናሾቹም ይታመሙ እንደሆነ ለማወቅ ይሻሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ብዙ ነገር ይወስናል። ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ዛሬ ይሁን ወይስ ከዓመታት በኋላ፣ ከብት ተሽጦ ገንዘብ ይቀመጥ ወይስ ልጁ በሰላም ትምህርቱን ይቀጥል፣ ሌላ ልጅ ይወለድ ወይስ ይቆይ የሚሉት ውሳኔዎች ሁሉ ከዚህ ግምት ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ግምቱ ከምን ተነሥቶ እንደሚሰጥ፣ የቱ ክፍሉ አስተማማኝ፣ የቱ ደግሞ አጠራጣሪ እንደሆነ ወላጆች ሊያውቁት ይገባል።

«ኩላሊት አለበት» ሲባል

በአገራችን «ኩላሊት አለበት» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይሸፍናል። የወገብ ሕመም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት ጠጠር፣ እውነተኛው የኩላሊት መድከምም በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ «በቤተሰቡ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የሚበጀው ስለ ሕመሙ ስም ሳይሆን ስለ ሰውየው የደረሰበትን መናገር ነው፦ በስንት ዓመቱ ታመመ፣ ሰውነቱ ያብጥ ነበር ወይ፣ ሽንቱ ደም ይቀላቅል ነበር ወይ፣ በወጣትነቱ ጆሮው ደክሞ ነበር ወይ፣ የደም ግፊት ነበረበት ወይ፣ እጥበት ጀምሮ ነበር ወይ፣ በስንት ዓመቱ አረፈ። ይህን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት አያቶች ናቸው። በባሌ ብዙ አያቶች የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ጥያቄው በራሳቸው ቋንቋ፣ ኩላሊትም «ካሌ» ተብሎ ቢቀርብላቸው መልሱ የተሟላ ይሆናል። ከቀጠሮው ዕለት በፊት እቤት ተጠይቆ በወረቀት የሰፈረ የሦስት ትውልድ ታሪክ ውድ ከሆነ ምርመራ የማይተናነስ ጥቅም አለው።

በልጅነት የሚመጣ የኩላሊት ሕመም ሁሉ በዘር የሚተላለፍ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ከጉሮሮ ወይም ከቆዳ ቁስል በኋላ የሚከተለው የኩላሊት ብግነት በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ፊትና እግርን የሚያሳብጠው፣ ፕሮቲን በሽንት የሚጠፋበት ሕመም ደግሞ በብዙዎቹ ሕፃናት ላይ በፕሬድኒሶሎን ይመለሳል። ወንድ ልጅ ሲሸና ሽንቱ ቀጥኖ የሚወርድ ወይም የሚንጠባጠብ ከሆነ የሽንት መውጫው በተፈጥሮ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ስለ ዘር ከመጨነቅ በፊት እነዚህ መጣራት አለባቸው።

ሕመሞቹና የየራሳቸው መንገድ

አካሄድን ለመገመት የመጀመሪያው ቁልፍ የሕመሙን ስም በትክክል ማወቅ ነው። «በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም» የሚለው የብዙ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ሲሆን አንዱ በሕፃንነት፣ ሌላው በስድሳ ዓመት ኩላሊትን ያደክማል።

ከሁሉ የሚበዛው ከአንድ ወላጅ የሚወረሰው የኩላሊት ውኃ ቋት ሕመም ነው። በዓለም ደረጃ ከ400 እስከ 1,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ እንዳለበት ይገመታል። እናት ወይም አባት ሕመሙ ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ ነው። ስሙ ቢያስፈራም በልጅነት የሚያስከትለው ጉዳት ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ፒኬዲ 1 በተባለው ዘረመል ለውጥ የመጣ ከሆነ ኩላሊት የሚደክመው በአማካይ በሃምሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ነው፤ በፒኬዲ 2 ከሆነ ደግሞ ወደ ሰባዎቹ ይዘገያል። እንዲህ ያለበት የአሥር ዓመት ልጅ በልጅነቱ እጥበት የሚያስፈልገው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ነገር ግን የደም ግፊቱ ገና በልጅነቱ ሊጨምር ስለሚችል በየዓመቱ መለካት ይኖርበታል። ሕመም የማይሰማውን ልጅ «ወርሶ እንደሆነ ይታይ» ብሎ በአልትራሳውንድ መመርመር ግዴታ አይደለም። ቋቶቹ በዕድሜ ስለሚወጡ በልጅነት ንጹሕ ሆኖ የታየ ኩላሊት ሕመሙ አልተወረሰም ለማለት አያበቃም።

በስም የሚመሳሰለው፣ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰው የኩላሊት ውኃ ቋት ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ከ20,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚከሠት ይገመታል፤ ከእርግዝና አንሥቶም ይታያል። በእርግዝና አልትራሳውንድ የጽንሱ ኩላሊቶች ገዝፈው የሽርት ውኃው አንሶ ከተገኘ ሕፃኑ ሲወለድ ሳንባው በሚገባ ላያድግ ስለሚችል ወሊዱ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለው ሆስፒታል እንዲሆን ይመከራል። ከነዚህ ሕፃናት ከፍ ያለው ክፍል የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ያለፉት አብዛኞቹ ያድጋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በልጅነት ወይም በጉርምስና የኩላሊት መድከም ይደርስባቸዋል። ሕመሙ ጉበትንም ስለሚነካ የልጁ ጣፊያ ሊያብጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ደም ካስታወከ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ጥላሸት ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1927 ሐኪሙ ሰሲል አልፖርት ያብራሩትና በስማቸው የሚጠራው ሕመም ለወላጆች በተለይ አሳሳች ነው፤ ልጁ ለዓመታት ጤነኛ ይመስላልና። የመጀመሪያው ምልክት በሽንት ውስጥ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ደም ነው። ጉንፋን ሲይዘው ሽንቱ የሥጋ እጣቢ ይመስላል፤ ቆይቶም ይጠራል። በአብዛኛው በእናት በኩል የሚመጣ ሲሆን የሚከብደው በወንዶች ልጆች ላይ ነው። በዚህ መንገድ የወረሱ ወንዶች ግማሽ ያህሉ በ25 ዓመታቸው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ደግሞ በ40 ዓመታቸው ኩላሊታቸው ይደክማል። መስማትም ብዙውን ጊዜ በትምህርት ዕድሜ መገባደጃ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። «አይሰማም፣ አይታዘዝም» እየተባለ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ሽንቱ ተመርምሮ የማያውቅ የአልፖርት ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። እናቶችና እኅቶች «ተሸካሚ ብቻ ናቸው» የሚለው የቆየ አባባል ትክክል አይደለም። ከነሱም 12 በመቶ ያህሉ በ40 ዓመታቸው፣ 30 በመቶ ያህሉ በ60 ዓመታቸው የኩላሊት መድከም ያጋጥማቸዋል። የለውጡ ዓይነትም ያለውን ጊዜ ይለውጣል። ዘረመሉን ከነጭራሹ የሚያቋርጥ ለውጥ ያለባቸው ወንዶች በአማካይ በ25 ዓመት ገደማ ወደዚያ ሲደርሱ አንዲት የፕሮቲን ፊደል ብቻ የለወጠባቸው እስከ 37 ዓመት ገደማ ይቆያሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት ለአንድ ወጣት ትምህርት መጨረስና ቤተሰብ መመሥረት ማለት ነው።

ኔፍሮኖፍቲሲስ የሚባለው ሕመም በስሙ የሚታወቅ አይደለም፤ በምልክቱም በቀላሉ ይታለፋል። ልጁ ብዙ ይጠማል፣ ሌሊት ተነሥቶ ውኃ ይጠጣል፣ ሽንት መያዝ ጀምሮ የነበረው ዳግም ፍራሹን ማርጠብ ይጀምራል፣ ይገረጣል፣ ቁመቱም ይቆማል። የሽንት ምርመራው ደምም ፕሮቲንም ላያሳይ ይችላል፤ «ሽንቱ ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። በጣም የታወቀው ዓይነቱ ኩላሊትን የሚያደክመው በአማካይ በ13 ዓመት ገደማ ነው። ሌሊት መጠማትና ፍራሽ ማርጠብ በስንፍና መተርጎም የለባቸውም፤ የደም ክሬቲኒን ምርመራ ያስፈልጋል።

እግሩ የተጎበጠ ሕፃን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በአገራችን የአጥንት መልፈስፈስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሕፃናት ፀሐይ ሳያገኙ ተጠቅልለው ስለሚቆዩ ነው፤ በቫይታሚን ዲም ይሻላል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ካልተሻለው፣ ከዚህም ጋር ብዙ የሚጠማና የሚሸና፣ የማያድግም ከሆነ ከ100,000 እስከ 200,000 ሕፃናት በአንዱ የሚከሠተው ሲስቲኖሲስ ወይም ሌላ የኩላሊት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሲስቲኖሲስ ካልታከመ ኩላሊት በአሥር ዓመት ዕድሜ ገደማ ይደክማል።

ሰውነት የሚያብጥበትና በፕሬድኒሶሎን ያልተመለሰው ሕመም ላይ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሕፃን በአንድ ዘረመል ለውጥ ምክንያት የታመመ ነው። ይህን ማወቅ ሁለት ፋይዳ አለው። አንደኛ፣ ጠንካራ የመከላከያ ኃይል አፋኝ መድኃኒቶች እንዲህ ያለውን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጠቅሙት ከጎንዮሽ ጉዳታቸው ይድናል። ሁለተኛ፣ ወደፊት የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቢደረግለት ሕመሙ በአዲሱ ኩላሊት ላይ የመመለሱ ዕድል አነስተኛ ነው።

ግምቱ የሚሰላባቸው ቁጥሮች

የሕመሙ ስም ከታወቀ በኋላ ሐኪሙ ልጁ በመንገዱ ላይ የት እንደደረሰ ይመለከታል። ዋናው መለኪያ የኩላሊት የማጣራት ኃይል ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆኑ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2009 የታወጀው የሽዋርትዝ ቀመር ቀላል ነው፦ የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ0.413 ይባዛል፣ ከዚያም በደሙ ውስጥ ለተገኘው ክሬቲኒን (በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ይካፈላል። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ልጅ ክሬቲኒኑ 1.0 ቢሆን ውጤቱ 41 ይሆናል። ጤነኛ ኩላሊት ከ90 በላይ ያጣራል፤ ከ15 በታች ሲወርድ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ይታሰባል። 1.0 የሆነ ክሬቲኒን ለአዋቂ ሰው ጤናማ በመሆኑ ውጤቱ «ኖርማል» ተብሎ ሊታተም ይችላል። ለዚያ ትንሽ ልጅ ግን ከግማሽ በላይ የኩላሊት ሥራ መጥፋቱን ያሳያል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀጠሮ የልጁ ቁመት ተለክቶ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ወላጆች መጠየቅ ይችላሉ፤ ያለ ቁመት ክሬቲኒን ብቻውን ብዙ አይናገርም።

አንድ ቁጥር ቦታውን እንጂ ፍጥነቱን አያሳይም። የማጣራት ኃይሉ ከዓመት በፊት 54፣ ዛሬ 48 የሆነ ልጅ በዓመት 6 እያጣ ነው ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ ወደ 15 ለመድረስ አምስት ዓመት ተኩል ያህል አለው። ይህ ስሌት ሻካራ ነው። በአንድ ተቅማጥ የተነሣ የአንድ ቀን ክሬቲኒን ከፍ ሊል ስለሚችል ሁለት ነጥብ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስትና አራት ውጤት በወራት ልዩነት መሰብሰብ አለበት። በጉርምስና ወቅት ደግሞ ሰውነት በፍጥነት ስለሚያድግ የተጎዳ ኩላሊት ይዳከማል፤ ቁልቁለቱም ይፈጥናል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የተሰጠ ግምት በአሥራ ሦስት ዓመቱ ዳግም መታየት የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው። የቆዩ የላቦራቶሪ ወረቀቶች መጣል የሌለባቸውም ለዚሁ ነው።

ከማጣራት ኃይል ቀጥሎ የሚመጡት በሽንት የሚወጣው የፕሮቲን መጠንና የደም ግፊት ናቸው። ሁለት ልጆች እኩል የማጣራት ኃይል ኖሯቸው አንዱ ብዙ ፕሮቲን ቢያጣ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሕፃናትን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች የገመቱት በዋናነት በእነዚህ ሦስት ነገሮችና በሕመሙ ዓይነት ነው። የደም ግፊት ሲለካም ማሰሪያው ለሕፃን ክንድ የሚመጥን መሆን አለበት። የአዋቂ ማሰሪያ በቀጭን ክንድ ላይ ሲጠመጠም ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ሕመሙም ይደበቃል።

ለደጋ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከቆላ ነዋሪ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያም እንደ ከፍታው ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናትም በባሌ ተራሮች የሚኖሩ ኦሮሞዎችን በሰሜን ተራሮች ከሚኖሩ አማሮች ጋር አነጻጽሮ ከፍታው በባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ላይ ይበልጥ ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል። የኩላሊት መድከም ደም ማነስን ስለሚያስከትል በቆላ መለኪያ «ደሙ ደኅና ነው» የተባለ የጎባ ልጅ የጀመረው ደም ማነስ ሊታለፍ ይችላል። ሪፈራል ወረቀት ላይ የመኖሪያ ቀበሌው ቢጻፍ ለአዲስ አበባው ሐኪም ይጠቅማል።

የዘረመል ምርመራ የሚሰጠውና የማይሰጠው

የዘረመል ምርመራ ከዞን ሆስፒታሎች መደበኛ ምርመራዎች ውስጥ አይደለም። አስፈላጊነቱን የሚወስነው የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም ነው፤ ሕክምናውን የሚለውጥ ወይም ለጋሽ ለመምረጥ የሚያስፈልግ ሲሆን ይበልጥ ይጠቅማል። ምርመራው አለመደረጉ ግን ክትትልን አያስቀርም። የቤተሰብ ታሪክ፣ የሽንት፣ የክሬቲኒን፣ የአልትራሳውንድና የመስማት ምርመራ ተደምረው ብዙ ሕመሞችን ይለያሉ።

በውጭ አገር የተሠሩ የዘር ግምቶች ለኢትዮጵያውያን እንዳለ ሊወሰዱ እንደማይገባ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አፖኤል 1 በተባለ ዘረመል ላይ ያሉ ሁለት ለውጦች የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ለከባድ የኩላሊት ሕመም እንደሚያጋልጡ ታወቀ። በዓመቱ በኢትዮጵያውያንና በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገው ጥናት ግን እነዚህን ለውጦች አላገኘም። በእስራኤል የሚኖሩ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከቫይረሱ ጋር በተያያዘው የኩላሊት ሕመም አለመታመማቸውም በዚሁ ተብራራ። «አፍሪካዊ» በሚል ስም የተጻፈ ግምት ለሮቤ ልጅ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። በኢንተርኔት የተገኘ ሠንጠረዥ ከመከተል ይልቅ በልጁ በራሱ ውጤቶች መመራት ይሻላል።

በአንድ ቤት ያሉ፣ አንድ ዓይነት ለውጥ የወረሱ ወንድማማቾችም እኩል አይታመሙም። የታላቁ ኩላሊት በ15 ዓመቱ ስለደከመ የታናሹም በ15 ዓመቱ ይደክማል ብሎ መደምደም አይቻልም። የዓመተ ምሕረት ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን ሌላ፣ ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል። ትክክለኛው ግምት «ከዚህ እስከዚህ ዕድሜ ባለው ጊዜ» የሚል ነው።

አካሄዱን የሚያዘገይ ክትትል

ግምት የሚሰጠው ሊለወጥ ስለሚችል ነው። በአውሮፓ በ385 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ሁሉንም ራሚፕሪል በተባለ የግፊት መድኃኒት እያከመ ግማሾቹን የደም ግፊታቸውን ከተለመደው ይበልጥ ዝቅ አድርጎ ያዘ። በአምስት ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው በብርቱ የተጎዳው በጥብቅ ከተያዙት 30 በመቶ ያህሉ፣ በተለመደው መጠን ከተያዙት ደግሞ 42 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ኢናላፕሪል የዚሁ መድኃኒት ቤተሰብ ነው። በአልፖርት ሕመምም ቀድሞ የተጀመረ እንዲህ ያለ መድኃኒት የኩላሊትን መድከም በዓመታት ያዘገያል።

መድኃኒቱ የሚታዘዘውና የሚስተካከለው በሐኪም ብቻ ነው። ልጁ ሲያስታውከው ወይም ሲያስቀምጠው ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ለጊዜው እንዲቋረጥ ሊታዘዝ ይገባል፤ ወላጆች ይህን መመሪያ አስቀድመው መቀበል አለባቸው። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጃገረዶችም መድኃኒቱ ጽንስን እንደሚጎዳ በግልጽ ሊነገራቸው ያስፈልጋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለነዚህ ልጆች አይስማሙም። መድኃኒት ቤት ሲኬድ «የኩላሊት ሕመምተኛ ነው» ብሎ መናገር ልማድ ይሁን። ይዘቱና መጠኑ ያልታወቀ የባህል መድኃኒትም የቀረውን ኩላሊት በአንድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ስለ ምግብና ውኃ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ምክር የለም፤ ጎረቤት የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። እብጠትና ግፊት ያለበት ልጅ ጨው ይቀነስለታል። ኔፍሮኖፍቲሲስ ወይም የኩላሊት ቧንቧ ሕመም ያለበት ግን ውኃና ጨው በሽንቱ ስለሚያጣ መጠጥ ቢከለከል ይደርቃል፤ ትምህርት ቤትም ሲሄድ ውኃ ይዞ እንዲገባ መምህሩ መፍቀድ አለበት። በማደግ ላይ ያለን ልጅ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ በራስ ፈቃድ መከልከል እድገቱን ያቆመዋል። እንደ ድንችና ሙዝ ያሉ ፖታሲየም የበዛባቸው ምግቦች የሚቀነሱት የደም ምርመራው ሲያሳይ ነው።

ወንድሞች፣ እኅቶችና ለጋሾች

ከሁለቱም ወላጆች በሚወረሱት ሕመሞች እናትም አባትም ጤነኞች ናቸው፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ግን ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አንድ ልጅ ታሟል ማለት ቀጣዮቹ ሦስት ይድናሉ ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላል። ሰባት ቤት የመቁጠር ሥርዓትና በኦሮሞ ዘንድ ከአንድ ጎሣ ያለመጋባት ልማድ እንዲህ ያሉትን ሕመሞች ይቀንሳሉ፤ ጨርሰው ግን አያስቀሩም። ከአንድ ወላጅ የሚወረሰውን ሕመም ደግሞ አይከለክሉም። እናትን «ከአንቺ ዘር ነው» ብሎ መውቀስም ሆነ በእርግማን መተርጎም ፋይዳ የለውም፤ ማንም ዘረመሉን መርጦ አልተወለደም።

ልጁ ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ደረጃ ሲቃረብ የቤተሰቡ ምርመራ ሌላ ክብደት ያገኛል። በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን የሚከናወነውም ከሕያው የቤተሰብ አባል በሚለገስ ኩላሊት ነው። ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ለመለገስ ቀድሞ እጁን የሚያነሣው ዘመድ ራሱ ሳያውቀው ሕመሙ ሊኖርበት ይችላል። የአልፖርት ሕመም ያለበት ልጅ እናት ወይም የውኃ ቋት ሕመም ያለበት ወጣት ታናሽ ወንድም ሳይጣሩ ከለገሱ በአንድ ቤት ሁለት ሕመምተኛ ይኖራል። ሽንታቸው፣ የደም ግፊታቸውና ኩላሊታቸው ገና ልጁ ደኅና ሳለ ቢታይ ቤተሰቡ የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል።

አገልግሎቱ የሚገኝበት መንገድ

የመጀመሪያው በር በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የሽንት ምርመራና የደም ግፊት መለካት እዚያ ይጀመራል። ምልክት ሲገኝ ልጁ በሪፈራል ወረቀት ወደ ሮቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። ሁለቱ ከተሞች በ14 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሲሆን የጎባው ሆስፒታል የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ክሬቲኒንና አልትራሳውንድ ከታዩ በኋላ የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም ማየት ካለበት 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ሁሉ አዲስ አበባ ላይ መሆን የለበትም። ግፊቱ፣ ቁመቱ፣ ሽንቱና ክሬቲኒኑ በጎባ ወይም በሮቤ እየታዩ የአዲስ አበባው ቀጠሮ እንዲራራቅ ሐኪሞቹን መጠየቅ የወላጆች መብት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈራል ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ አለባቸው። የሪፈራል ሥርዓቱን ሳይከተሉ በቀጥታ ወደ ላይኛው ሆስፒታል ለሚሄዱ ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈን ይችላል። እጥበት የሚሸፈን መሆን አለመሆኑን የልጁ የማጣራት ኃይል ከ30 ከመውረዱ በፊት ከወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ሰውነቱ በድንገት ያበጠ፣ ሽንቱ ደም የመሰለ ወይም ከግማሽ ቀን በላይ ያልሸና፣ ራሱን እያመመው የሚያስታውክ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ የቀጠሮ ቀኑን አይጠብቅም፤ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ሲሄድም የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የመጨረሻዎቹ የክሬቲኒን ውጤቶችና ቁመቱ የተጻፈበት ካርድ አብረውት መሄድ አለባቸው።